ከመንገድ ወደ መንገድ፦ ሀዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐረር ወይስ ድሬ? ቦርሳ ያዘለ ሰው ሁለት ሶስት ቀን የት ይረፍ

ቦርሳችሁን አዝላችሁ ሀገር ለማየት ስትወጡ የት መሄድ እንዳለባችሁ ሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል፣ የት ማረፍ እንዳለባችሁ ሚነግራችሁ ግን አታገኙም። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ትገኛላችሁ፣ ጉልበታችሁ የፊት ለፊቱን ወንበር እየገፋ ቀኑን ሙሉ ትጓዛላችሁ፣ ማታ ያገኛችሁት አልጋ ላይ ትወድቃላችሁ፣ በነጋታው ደሞ ሌላ መኪና። እንዲህ ሶስት አራት ቀን ከሄዳችሁ በኋላ የቱንም ያህል ቆንጆ ቦታ ብትደርሱ አይናችሁ ያያል እንጂ ልባችሁ አይቀበለውም፣ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ በቃ። ለዛ ነው መሀል ላይ ረጋ ያለ ከተማ ሚያስፈልገው፣ ልብስ ሚታጠብበት፣ እንቅልፍ ሚጠገብበት፣ ቤተሰብ ጋ ተደውሎ በደንብ ሚወራበት፣ ቀጣዩ መንገድ ደሞ ተረጋግቶ ሚታሰብበት።

እዚ ላይ ማወዳድራቸው አራት ከተሞች ናቸው፣ በደቡብ መስመር ሀዋሳና አርባ ምንጭ፣ በምስራቅ መስመር ሐረርና ድሬዳዋ። ባሕር ዳርንም በመጨረሻ አነሳዋለሁ። ሁሉም ቆንጆ ናቸው ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ለጉብኝት ቆንጆ የሆነ ከተማ ሁሉ ለእረፍት አይሆንም። እኔ ሁለት ነገር ነው ማየው። አንደኛ፣ ከተማው ውስጥ ምንም ሳላይ፣ የትም ሳልሄድ ሁለት ቀን ባሳልፍ ይቆጨኛል ወይ? ሚቆጨኝ ከሆነ እዛ አላርፍም፣ እሮጣለሁ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቀጣዩ መንገድ ከኔ ምን ይፈልጋል? ቆላ ወርጄ በሙቀት ልሰቃይ ከሆነ አሪፍ እንቅልፍ ያስፈልገኛል፣ ባንክና ፋርማሲ ወደሌለበት ልገባ ከሆነ ደሞ ሁሉንም ነገር ማገኝበት ከተማ ያስፈልገኛል። ሌላው፣ የሆቴሉ ኮከብ ምናምን፣ ለኔ ከነዚህ በኋላ ነው ሚመጣው።

ደቡብ፦ ሀዋሳ ወይስ አርባ ምንጭ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ከወጣችሁ ለምሳ ወይ ትንሽ አለፍ ብሎ ትደርሳላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ስላለች ቀን ሞቅ ይላል ማታ ግን ብርድ ልብስ ደርቦ መተኛት ይቻላል፣ ይሄ ለእንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛፍ አለ፣ ስለዚ በእግር መሄድ አያደክምም፣ ሳይክል መከራየትም ይቻላል፣ ሲሰለቻችሁ ባጃጅ በየጥጉ አለ። የማረፊያ ከተማ ዋና ነገሩ እግራችሁ ወዳመራችሁ ብትሄዱ መጥፋት የማትችሉበት መሆኑ ነው፣ ሀዋሳ ውስጥ ደሞ የትም ብትሆኑ ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ ሐይቁ ጋ ነው ምትደርሱት።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ሂዱ። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው ሚመጡበት ሰዓት ነው፣ ዳር ላይ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ቁመታቸው የሰው ልጅ ደረት ሚደርስ ራሰ በራ ወፎች፣ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ቆሮሶ ሚባለውን ዓሣ ይዘው ቆዳውን እንዴት እንደሚገፉት እዩ፣ ቢላዋው ከጭንቅላቱ ስር ይገባል፣ ጀርባውን ተከትሎ እስከ ጭራው ይወርዳል፣ ቆዳው በአንድ መጎተት ይለቃል፣ የቀረውን አጥንትና አንጀት ወርወር ሲያደርጉት መሬት ሳይደርስ ወፉ አፍ ውስጥ ነው። እዛው አጠገብ በብረት ድስት ዘይት እየፈላ ነው፣ ዓሣው ግራና ቀኝ ተሰነጣጥቆ ሙሉውን ይጠበሳል፣ በአዋዜና በዳጣ በእጅ እየቆነጠሩ መብላት ነው። የዓሣ ሾርባውንም አትለፉት፣ ሎሚ ጨምቃችሁ ቃሪያ ጣል ብታደርጉበት የመንገዱን ድካም ከሰውነት ያወጣል ብዬ ነው ማምነው። ዋጋውን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከውጪ ለመጣ ሰው ሌላ ዋጋ ሚነግር አይጠፋም።

ከዛ በኋላ ቀኑ ባዶ ነው፣ ባዶ መሆኑ ነው ደሞ ጥሩው። ፍቅር ሐይቅ ሚሉትን የሐይቁን ዳርቻ ዳር ዳሩን መንሸራሸር፣ ዛፍ ስር ቡና መጠጣት፣ ጉሬዛዎቹንና ጦጣዎቹን ማየት (ጦጣዎቹ ከእጃችሁ ብስኩት ይነጥቃሉ፣ እንዳትመግቧቸው፣ ባበላናቸው ቁጥር ነው ሚደፋፈሩት)፣ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስትበርድ ታቦር ተራራ ወጣ ብሎ ከተማዋን ከላይ ማየት። ሐይቁ ውስጥ ግን አትዋኙ፣ ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዝያም አለ። መዋኘት ለናፈቀው ሰው በመንገዱ ላይ ላንጋኖ አለለት። ምግብ ከሰለቻችሁ የሲዳማ ምግብ ቤት ፈልጋችሁ ቡርሳሜ ብሉ፣ ከቆጮ ተሰርቶ በቅቤ ሚታሽ ነው፣ በሸክላ ዕቃ ሚቀርብ፣ አንዴ ከበላችሁ እስከ ማታ አይርባችሁም።

የሀዋሳ ችግሯ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ግማሽ አዲስ አበባ እዛ ነው ያለው፣ በስራ ቀን ደሞ ስብሰባና ወርክሾፕ ሆቴሉን ይሞላዋል። ለእረፍት ምትመጡ ከሆነ እሁድ ከሰዓት ግቡ፣ የሳምንቱ መጨረሻ እንግዳ ሲወጣ እናንተ ትገባላችሁ፣ አልጋም ትመርጣላችሁ። ሐይቁ ጫፍ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ማታ ሙዚቃቸው አያስተኛም፣ እኔ ምመክረው ከሐይቁ አስርና አስራ አምስት ደቂቃ በእግር ገባ ያሉ ፔንሲዮኖችን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግስ ስለሆነ ከተማዋ ጢም ትላለች፣ ለበዓሉ ብላችሁ ካልሆነ በቀር በነዛ ቀናት ለእረፍት አትምጡ። ፍቼ ጨምበላላም እንደዛው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ቀኑን ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ነው ሚወስኑት፣ ስለዚ በየዓመቱ ስለሚለያይ ቀድማችሁ ጠይቁ። እሱን ግን ካገኛችሁት እረፍቱ ይቅርና ጉዱማሌ፣ በዓሉ ሚከበርበት ቦታ፣ ሄዳችሁ እዩት ነው ምለው።

አርባ ምንጭ ሌላ ነገር ናት። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ መሆኗን ነው፣ ታች ሲቀላ አለ፣ ላይ ሴቻ አለ፣ መሀላቸው አራት ኪሎሜትር ያህል ዳገት ነው። ገበያው፣ ግርግሩ፣ መኪናው ሲቀላ ነው፣ ሴቻ ደሞ ቢሮዎችና ጸጥ ያሉ ሰፈሮች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ደሞ ሎጆቹ። ለእረፍት ከሆነ ያለምንም ጥርጥር ሴቻ። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ቁጭ ስትሉ በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ ሚባለው ጋራ ተጋድሞ፣ ከስር እስከ ምንጮቹ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ይሄን እያዩ ማንጎ መብላት ለብቻው የጉዞ ምክንያት ይሆናል። ዓሣውም ከሀዋሳ አያንስም፣ በተለይ ጉላሹና ኮተሌቱ፣ አንዳንዱ ሰው እንደውም ይበልጣል ይላል፣ እኔ በዚህ ጉዳይ አልፈርድም።

ግን አርባ ምንጭ አታሳርፍም። ያለኝ ቅሬታ ይሄ ብቻ ነው፣ ትልቅ ቅሬታ ነው ደሞ። እዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ፊት ለፊታችሁ ነጭ ሳር ፓርክ ነው፣ ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞ ገበያ ማየት አለ፣ አርባዎቹ ምንጮች አሉ፣ ከኋላችሁ ደሞ ዶርዜ ተራራው ላይ አለ፣ የሸማኔዎቹ ሀገር፣ እነዛ ዝሆን ሚመስሉት የቀርከሃ ቤቶች። እነዚህን ትቼ ልተኛ ማለት ከባድ ነው፣ በዛ ላይ ሁሉም አስጎብኚ ያናግራችኋል። ስለዚ ለእረፍት ብላችሁ ሁለት ቀን ትይዙና ሁለቱንም ቀን በፀሐይ ስትሮጡ ትውላላችሁ። ሙቀቱም አለ፣ ከተማዋ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ቬንቲሌተር የሌለው ክፍል ውስጥ ሌሊት ያልባችኋል። ወባም ስላለ አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፣ አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩት፣ ከመምጣታችሁ በፊትም ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም አማክሩ።

እና የቱ ይሻላል? መልሱ ቀጥሎ የት ነው ምትሄዱት በሚለው ነው ሚወሰነው። ወደ ኦሞ ምትወርዱ ከሆነ፣ እረፍቱን ሀዋሳ አድርጉት፣ አርባ ምንጭን ደሞ መዘጋጃ። ከአርባ ምንጭ በኋላ ያለው መንገድ ኮንሶ ነው፣ 90 ኪሎሜትር ገደማ፣ ከዛ ወደ ጂንካና ቱርሚ። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ኤቲኤም እየጠፋ፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠ፣ ፋርማሲ እየራቀ ነው ሚሄደው፣ ስለዚ ጥሬ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ የፀሐይ ክሬም፣ የባትሪ ቻርጅ፣ ሁሉም አርባ ምንጭ ላይ ነው ተሟልቶ ሚያልቀው። ሌላው ብዙ ሰው ሚረሳው የገበያ ቀን ነው። ቀይ አፈር ሐሙስ ነው ገበያዋ፣ ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ። አካባቢው ሚያምረው በገበያ ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ነው የእረፍት ቀናችሁን ምትወስኑት። ለምሳሌ ሐሙስ ቀይ አፈር ለመገኘት ረቡዕ ማታ ቢያንስ ኮንሶ ማደር አለባችሁ፣ ስለዚ ሰኞና ማክሰኞ ሀዋሳ ወይ ሴቻ ተኝታችሁ ብታሳልፉ ምንም አልባከነም፣ ቱርሚ ቀድሞ ገብቶ በሙቀት ገበያ ከመጠበቅ በብዙ ይሻላል።

አንድ ሶስተኛ አማራጭም አለ፣ እሱም ዶርዜ ራሱ ላይ ማደር። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ አየሩ በአንዴ ይቀየራል፣ ጃኬት ትለብሳላችሁ፣ ማታ እሳት ዳር ቆጮ በማርና በዳጣ ትበላላችሁ፣ ከቀርከሃው ቤት ውስጥ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጣችሁም። እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው ከሁሉም በላይ ይሄን ነው ምመርጥለት። ልብስ ግን አይደርቅም፣ ጉሙ አይለቅም፣ ስለዚ ማጠቢያችሁን አርባ ምንጭ ጨርሱ፣ እዛ በግማሽ ቀን ይደርቃል።

ምስራቅ፦ ሐረር ወይስ ድሬ

ይሄ ክርክር የቆየ ነው፣ የሐረርና የድሬ ልጆች ሲገናኙ ማያነሱት የለም። ሁለቱ ከተሞች ከ50 ኪሎሜትር ትንሽ ነው ሚበልጥ መሀላቸው ያለው፣ ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፣ ግን የአየሩ ልዩነት ሌላ ሀገር የሄዳችሁ ያህል ነው፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፣ በግራ ቁልቁል ወደ ድሬ፣ ቀጥታ ደሞ በሐሮማያና በአወዳይ ሐረር። እዛች መገንጠያ ላይ ነው ውሳኔው።

የኔ ውሳኔ ግልፅ ነው፣ እንቅልፍ ሐረር፣ መነሻ ድሬ።

ሐረር ለእረፍት እንዴት ትሆናለች ምትሉ ትኖራላችሁ፣ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ፣ ከ80 በላይ መስጊድ በግንቡ ውስጥ ያላት፣ ሙዚየም የሞላባት፣ ቅድም አርባ ምንጭን በዚሁ ነገር አልከሰስክም ወይ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ሐረርን ለማየት መኪና መያዝ፣ ጀልባ መከራየት፣ ሌሊት መነሳት የለም። ጀጎል፣ ግንቡ ያጠረው አሮጌው ከተማ፣ ውስጡ 48 ሄክታር ብቻ ነው፣ ከ300 በላይ ጠባብ መንገዶች አሉት፣ ከክፍላችሁ ወጥታችሁ ግድግዳውን ተከትላችሁ ብትሄዱ እያያችሁት ነው፣ አንዱ መንገድ አረንጓዴ፣ ሌላው ሮዝ፣ ሌላው ነጭ ተቀብቶ። ከጠፋችሁም ግንቡ ጋ መድረሳችሁ አይቀርም፣ ግንቡን ይዛችሁ አንዱ በር ትወጣላችሁ። መኪና ግርግር ሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ድምፅ ይሰማችኋል፣ ሸዋ በር ቅመሙ ይሸታችኋል፣ ማታ ፈላና በር ጅብ ሲበላ ማየት ከፈለጋችሁ እሱም የእግር መንገድ ነው። ምንም ሳታቅዱ ሁለት ቀን ውላችሁ ብዙ አይታችሁ ትወጣላችሁ።

አልጋ ምትይዙት ከተቻለ ጌ ጋር ውስጥ ይሁን፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ለእንግዳ ያከራያሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ስትገቡ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሰራው መቀመጫ፣ ነደባ ሚሉት፣ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወገብ ስፌቱና ሳህኑ ተሰቅሎ አንድ ባዶ ቦታ አታገኙም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን እንኳን ውጪው ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት እማማ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ቁጢ፣ በወተት አፍልተው ያመጡላችኋል፣ ካልሆነ ከገለባው ሚፈላውን ሐሸር ቃህዋ። ወጣ ካላችሁ ደሞ ፈጢራ አለ፣ ሊጡ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ ተጠቅልሎ ከእንቁላል ጋር ሚጠበሰው፣ ማር ታክሎበት። በነገራችን ላይ የሰው ቤት ስለሆነ ማታ ማምሸት፣ መጠጥ ይዞ መግባት የለም፣ ፎቶ ለማንሳትም አስፈቅዱ። ይሄ ማይመቸው ሰው ከጀጎል ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ ሆቴል አለለት።

የሐረር ችግር ውሃ ነው። በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ስለዚ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ሮቶ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አዎ ካሉም ገብታችሁ ቧንቧውን ክፈቱት። የቆሸሸ ልብሳችሁን ሰብስባችሁ ሐረር አጥባለሁ ብላችሁ አትምጡ፣ የሰው ውሃ ነው ምትጨርሱት፣ ለሱ ድሬ ይሻላል። ረመዳን ላይ ከሆነ ምትመጡት ቀን ላይ ጀጎል ውስጥ ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ ግን ከአፍጥር በኋላ ያለው ምሽት በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደስ ሚለው ነው። ከዒድ በኋላ ስድስቱ ቀን ሲፆም ቆይቶ ሚመጣው ሸዋል ዒድ ደሞ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ያኔ አልጋ አይገኝም።

ድሬን ደሞ ሰው በሙቀቷ ነው ሚያማርራት፣ እኔ ግን ድሬን እወዳታለሁ፣ ሰዓቷን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ከዚራ ሰፈር መንገዱ ፈረንሳዮቹ እንደነደፉት ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ጥላ ሆነዋል፣ ሐይቅ የላትም እንጂ ሜዳነቷ ሀዋሳን ያስታውሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፣ መጋላና ቀፊራ ገበያ ሂዱ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ግቡ። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውዬው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ስር ጋደም ይላል፣ እናንተም ተኙ፣ በዛ ሰዓት መንገድ ላይ ሚገኘው ከሌላ ሀገር የመጣ ሰው ብቻ ነው። 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ይነሳል፣ ጁስ ቤቱ ይከፈታል፣ አመሻሹ ላይ ከዚራ ሰው በሰው ይሆናል። የድሬ ልጅ ደሞ ለመግባባት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ከሆነ አስር ደቂቃ አትቆዩም አንዱ መጥቶ ያወራችኋል። ብቸኝነት ለተሰማው መንገደኛ ከዚ በላይ መድኃኒት አላውቅም። ዝምታ ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን አይመችም።

ልብስ በሶስት ሰዓት ይደርቃል። ክፍሉ ግን ኤሲ ወይ ጥሩ ቬንቲሌተር ከሌለው አትያዙት፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ኤሲውን ይይዛል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ክረምት ላይ ከሆነ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ክፍል አልመክርም፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው ሚታየው ግን ዝናቡ ላይ ተራራ ሲዘንብ ድንገት ነው ሚመጣው፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው ወስዷል፣ ከተማው አይረሳውም።

ድሬን መነሻ ያልኩት ኤርፖርቱም ባቡሩም እዛ ስለሆነ ነው። ወደ ጅቡቲ ምትቀጥሉ ከሆነ አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ የድሮው ለገሃር መሀል ከተማ ያለው አይደለም፣ ባጃጅ ስትይዙ ለይታችሁ ንገሩት። ባቡሩ በየቀኑ አይደለም ሚሄደው፣ ስለዚ የእረፍት ቀናችሁን ባቡሩ ነው ሚወስነው፣ ድሬ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ቀኑን አረጋግጡ፣ ከዛ የተረፋችሁን ቀን ሐረር ውጡ። ወደ ጅጅጋ ምትሄዱ ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፣ ከሐረር በባቢሌ በኩል ስለሆነ ሚኬደው ድሬ መውረድ አያስፈልጋችሁም።

የገብርኤልን ንግስ ነገር እዚም ልድገመው፣ ቁልቢ ገብርኤል ያለው በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆነ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ መኪናውም አልጋውም፣ ድሬም ሐረርም፣ ይሞላል። ለስለት ምትሄዱ ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነ ግን ሳምንቱን አሳልፉት።

ባሕር ዳርስ?

ሰላም በሆነበት ጊዜ ቢሆን ይሄ ጽሑፍ በባሕር ዳር ይጀምር ነበር፣ ከልቤ ነው። ዘንባባው፣ ጣና ዳር ያለው የእግር መንገድ፣ ሳይክሉ፣ ጠዋት ታንኳ እየቀዘፉ ሚመጡት ሰዎች፣ በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አመሻሽቶ መራመድ፣ ለእረፍት የተሰራች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ሁሉም ያውቀዋል፣ የየብስ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ሚሆንበት ጊዜ አለ። እዛ ዘመድ ወይ ጓደኛ ካላችሁ ደውላችሁ የዛሬውን ጠይቁ፣ የአምና ወሬ አይሰራም፣ በአውሮፕላን ገብታችሁ በአውሮፕላን ምትወጡ ከሆነ ብቻ ነው አሁን ለእረፍት ምመክራት። ሁለት ቀን ለማረፍ ብሎ በመንገድ መጨነቅ ከእረፍቱ ጋር አይሄድም።

ለማን የቱ

ብቻውን ሚጓዝና ሰው ማውራት የናፈቀው ድሬ ይሂድ። ብቻዋን ምትጓዝ ሴት ከጠየቀችኝ ደሞ ሐረር ጌ ጋር ውስጥ እላታለሁ፣ ቤተሰብ መሀል ስለሆነ፣ ቀጥሎ ሀዋሳ፣ ቀን ላይ ሐይቁ ዳር ሰው ስለማይጠፋና ሁሉም በራሱ ጉዳይ ስለሆነ። ሆዱን ያመመው፣ ትኩሳት የተሰማው ሰው ሌላ ማሰብ የለበትም፣ ሀዋሳ ነው፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ ወደ አዲስ አበባም ቅርብ ነው። ከውጭ ሀገር መጥቶ ሶስት ሳምንት ብቻ ያለው፣ ሁሉንም ላይ ብሎ ሚጣደፍ ዘመድ ካላችሁ ከአዲስ አበባ ጩኸት አውጥታችሁ መጀመሪያ ሀዋሳ አስተኙት፣ ሌላውን መንገድ ከዛ በኋላ ይጨምር። ጥንዶች ከሆናችሁ ሴቻ ገደል አፋፍ፣ አስጎብኚውን ግን ነገ እንነግርሃለን በሉት። በርቀት በላፕቶፕ ሚሰራ ሰው ደሞ ሀዋሳ ወይ ድሬ ይሻለዋል፣ ዋይፋይ አለ ሲሏችሁ አትመኑ፣ ክፍሉ ውስጥ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሞክሩት፣ ሞባይል ዳታውንም ጭምር፣ አንዳንዱ ክፍል በሩ ላይ አራት መስመር ኖሮት አልጋው ላይ ዜሮ ነው።

የትም ብትሆኑ ግን የመጨረሻውን ቀን ከሰዓት ለመውጫው አውሉት። መናኸሪያ በአካል ሂዱ፣ መኪናው ስንት ሰዓት ነው ሚነሳው ብላችሁ ሁለት ሰው ጠይቁ፣ ደላላውን ሳይሆን ትኬት ቆራጩንና አንድ ሹፌር፣ ትኬት ሚቆረጥ ከሆነ ያኔውኑ ቁረጡ፣ ወንበር ቁጥር ሚሰጥ ከሆነ ከጎማው በላይ ያለውን አትውሰዱ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ ሚለውንም አረጋግጡ፣ በተለይ ለባቡርና ለአውሮፕላን። ሌሊት መናኸሪያ ሚያደርሳችሁን ባጃጅ ማታውኑ ተነጋገሩ፣ ስልኩን ያዙ፣ ሂሳባችሁንም ማታ ዝጉ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሆቴሉ ጥበቃ እንጂ ገንዘብ ተቀባይ አይኖርም። ጥበቃው መታወቂያችሁን ይዞባችሁ ከሆነም ማታ ተቀበሉ።